ጋሼን ለተሸከመው ጀርባዎ

ውድ እትዬ፣

የጋሼን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ ለእርስዎም ፈጣሪ ጽናቱን ይስጥዎ። ለቅሶ ቤት ሰው ሲበዛ ማጽናናት እጅ መጨበጥና አንገት መድፋት ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ድንኳኑ ተነሥቶ ቤቱ ጭር ሲል የሚያነቡት ነገር ልጽፍልዎ አሰብሁ። ልጆቹ እንደነገሩኝ ከፍራሹ የሚነሡት ግድግዳ ይዘው ነው፤ ሌሊት ጀርባዎ አያስተኛዎትም፤ ለጎረቤት ሴቶችም «የኔም ጀርባ አብሮት ተቀበረ» ብለዋል። ኤምአርአይ ተነሥተው «ዲስክ ነው» መባልዎንም ሰምቻለሁ። የውጤቱን ወረቀት ልጆቹ በቴሌግራም ልከውልኝ አንብቤዋለሁ።

ሐዘኑን የማቀልበት ቃል የለኝም። ከ40 ዓመት በላይ አብሮ የኖረን ሰው ማጣት ምን እንደሆነ በወሬ እንጂ በኑሮ አላውቀውም፤ የማላውቀውን እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ አልጽፍልዎትም። የጀርባው ነገር ግን እንጀራዬ ነው። ስዳስሰው፣ ስፈትሸው፣ ሳሠራው ነው የምውለው። እና እንደ ባለሙያ የምነግርዎ ይህን ነው፦ ጀርባዎ አልተሰበረም፣ አልተቀበረምም። ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ደክሟል። የደከመ ጡንቻ ደግሞ ካሠሩት ይመለሳል።

አስቀድሜ ግን ምን እንደሠራ ልንገርዎ፤ እስካሁን ማንም የነገረዎት አይመስለኝም። ጋሼን ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው ከተያዘ ወዲህ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጧቸው ነበር፤ ሌሊትም ጭምር። ሐኪም ቤት ይህን ምክር ለአስታማሚ ሁሉ ይሰጣል፤ ዓመት ከዓመት ሳያጓድል የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። አልጋ ላይ የዋሉ ብዙ ሕመምተኞች አይቻለሁ። የብዙዎቹ ዳሌ፣ ተረከዝ፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት ላይ ያለ ቆዳ ቆስሎ ነው የማገኘው፤ ቤተሰብ ስላልወደዳቸው ሳይሆን ሥራው ከሰው አቅም በላይ ስለሆነ። ጋሼ አንድም የአልጋ ቁስል ሳይወጣባቸው ነው የሄዱት። ያጠቧቸው ሰዎች አይተዋል። ያን ንጹሕ ገላ የጠበቀው የእርስዎ ጀርባ ነው።

ክብደቱን በቁጥር ልናገረው። ሰው አጎንብሶና እጁን ዘርግቶ 20 ኪሎ ሲያነሣ፣ ሸክሙ ከወገቡ መታጠፊያ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ከኋላ ሆኖ ሸክሙን የሚመልሰው ጡንቻ ግን ከዚያው መታጠፊያ የሚርቀው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጡንቻውም 10 እጥፍ መሳብ ግድ ይለዋል፤ ለ20 ኪሎ 200 ኪሎ ማለት ነው። የራስዎ የደረትና የጭንቅላት ክብደት ገና አልተቆጠረም። ጋሼ ሕመሙ ቢያከሳቸውም ከ20 ኪሎ እጅግ ይበልጡ ነበር። አልጋው ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ በአንድ በኩል ከግድግዳ የተጠጋ ስለሆነ አጎንብሰው ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን ተጣመው ነበር የሚያነሡአቸው። ማጎንበስና መጣመም ባንድ ጊዜ ሲመጡ ለወገብ ከባድ ፈተና ናቸው። እኛ ይህን ሥራ ለአስታማሚ ስናሳይ ሁለት ሰው አቁመን ነው። እርስዎ ለብቻዎ ሠሩት።

ሽማግሌዎቹ ድንኳን ውስጥ «የቤቱ ምሰሶ ወደቀ» ሲሉ ሰምቻለሁ። አልቃወማቸውም። ድንኳን ተካዮቹ የእድር ልጆች ግን አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ምሰሶን ብቻውን ቢያቆሙት ነፋስም ሳይነካው ይወድቃል፤ ቀጥ አድርገው የሚይዙት ዙሪያውን የተወጠሩት ገመዶች ናቸው። የሰው አከርካሪም እንዲሁ ነው። ስንወለድ 33 አጥንቶች አሉን፤ ስናድግ የታችኞቹ 9 እርስ በርስ ይጣበቁና 24 የሚንቀሳቀሱ ይቀራሉ፤ 7 በአንገት፣ 12 በደረት፣ 5 በወገብ። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት የየል ዩኒቨርሲቲው ማኖሃር ፓንጃቢና ባልደረቦቻቸው ጡንቻ የሌለበት፣ አጥንቱ፣ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክና ጅማቱ ብቻ የቀረ የወገብ አከርካሪ አቁመው ከላይ ጫኑት። 9 ኪሎ ገደማ ላይ ጎብጦ ታጠፈ። የግማሽ ጀሪካን ውሃ ያህል እንኳ አልቻለም። እርስዎ በልጅነትዎ እንስራ ሙሉ ውሃ አዝለው ደሴ ላይ የጦሳን ዳገት ሲወጡ፣ ኋላም ልጆችዎን በየተራ በአንቀልባ ተሸክመው ምጣድ ላይ ሲጎነበሱ፣ ሸክሙን የቻለው አጥንቱ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ገመዶቹን አንድ በአንድ ላሳይዎ። ከቆዳ ሥር መጀመሪያ የሚገኘው ትራፔዚየስ ይባላል፤ ከራስ ቅል ግርጌ ተነሥቶ፣ በማጅራት ወርዶ፣ ነጠላ የሚያርፍበትን ትከሻ ሁሉ ሸፍኖ እስከ ጀርባ መሐል ይደርሳል። ትከሻን ያነሣል፣ ወደ ኋላ ይስባል፣ አንገትን ይደግፋል። ይህ ጡንቻ አንድ አመል አለው፤ ሸክም ባይኖርበትም በሐሳብ ብቻ ይወጠራል። ሰው ሲጨነቅ ሳይታወቀው ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ማጅራቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ማታ ማታ አንገትዎን ቀስፎ የሚይዘዎት እሱ ነው፤ ሌላ በሽታ አይፈልጉለት።

ከእሱ ዝቅ ብሎ ላቲሲመስ ዶርሲ አለ። በሰውነታችን እጅግ ሰፊው ጡንቻ ሲሆን ከወገብና ከዳሌ ተነሥቶ፣ ጎንን አቅፎ፣ በብብት በኩል ዞሮ ክንድ ላይ ይጣበቃል። የራቀን ነገር ወደ ራሳችን የምንስበው በእሱ ነው። ጋሼን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ደረትዎ ያስጠጋቸው ይህ ነበር። በአከርካሪና በትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት መካከል ደግሞ ሮምቦይድ የሚባሉት ተጋድመዋል፤ ደረት ቀና እንዲል ትከሻን ከኋላ የሚያገናኙት እነሱ ናቸው፤ አንገት ተደፍቶ ሲዋል የሚለጠጡትና የሚዝሉትም እነሱ ናቸው። 

ዋናው ሥራ ከሥር ነው። ከዳሌ መሐል ተነሥቶ በአከርካሪው ግራና ቀኝ እስከ ራስ ቅል የሚወጣ፣ በሦስት ረድፍ የተደረደረ ረጅም ጡንቻ አለ፤ ኢሬክተር ስፓይኔ ይሉታል። ቀጥ ብለን የምንቆመው፣ አጎንብሰን የምንመለሰው በእሱ ነው። ስናጎነብስ ራሱ እየላላ፣ ግን ሳይለቅ ቀስ አድርጎ ያወርደናል። ጋሼ ለበዓል ሥጋ ቤት ሄደው ባለሥጋውን እየተቆጡ የሚያስቆርጡት ሽንጥ በበሬው ላይ ይኸው ጡንቻ ያለበት ስፍራ ነው። (ሽንጣቸውን ገትረው የሚከራከሩት ሰው ሽንጥ ሲመርጡ ማየት ያስቀኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ስለሳቸው ስጽፍ ሳቅም ይመጣብኛል።)

ከሽንጡ በታች፣ አጥንቱን ተጣብቀው፣ መልቲፊደስ የሚባሉ አጫጭር ጡንቻዎች አሉ። እያንዳንዳቸው ከ2 እስከ 4 አንጓ ብቻ ተሻግረው ይያያዛሉ፤ ወገብ ላይ ሲደርሱ ይወፍራሉ። ከውጭ አይታዩም፣ ጉልበተኛም አይባሉም። ሥራቸው አንዱ አጥንት በሌላው ላይ እንዳይንሸራተትና እንዳይናወጥ መያዝ ነው። ከፊት ደግሞ መቀነት በሚታሰርበት ቦታ ሆድን ዙሪያውን የሚያቅፍ ጥልቅ ጡንቻ ያግዛቸዋል። ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን አውስትራሊያ ውስጥ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ነገር እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል፦ ጤነኛ ሰው ክንዱን ሲያነሣ ያ የሆድ ጡንቻ ከክንዱ ጡንቻ ቀድሞ ይጠብቃል። እጅ ገና ሳይነሣ ወገብ ተዘጋጅቷል። የጀርባ ሕመም በነበረባቸው ሰዎች ላይ ግን ይኸው ጡንቻ ይዘገያል። እርስዎ ሳሞቫሩን ለማንሣት እጅዎን ሲሰዱ በድንገት «ቀጭ» የሚልብዎ፣ ሸክሙ ከብዶ ሳይሆን መሰናዶው ስለዘገየ ሊሆን ይችላል።

ትናንሾቹ የጀርባ ጡንቻዎች ደግሞ የራሳቸው ችግር አለባቸው። ጁሊ ሃይድስ የተባሉ ሌላ አውስትራሊያዊት በ1990ዎቹ እንዳሳዩት፣ ሰው ወገቡን ሲያመው በዚያው በታመመው አንጓና በዚያው ጎን መልቲፊደስ ይሰልላል፤ ሕመሙ ለቆት ሰውየው ወደ ሥራው ቢመለስም ጡንቻው በራሱ ጊዜ አይሞላም። ካላሠሩት እንደሰለለ ይቀራል። ሃይድስ የተወሰኑ ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ አንደኛውን ክፍል ይህን ጡንቻ እንዲያሠራ አስተማሩ። በዓመቱ ሕመሙ የተመለሰባቸው ካሠሩት መካከል ከመቶ 30፣ ካላሠሩት መካከል ከመቶ 84 ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ 39 ሰው ብቻ። እኔ በየቀኑ የማየው ግን ከዚህ ጋር ይስማማል።

እንግዲህ «ያን ሁሉ ዓመት ስሸከም ችዬ፣ ሸክሙ ሲቀር እንዴት ታመምሁ?» ይሉ ይሆናል። ከሸክሙ በኋላ የመጣውን ይመልከቱት። ለቅሶ ላይ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ፍራሽ ላይ ወደ ፊት ታጥፈው ተቀምጠዋል። ስዊድናዊው ሐኪም አልፍ ናከምሰን በ1960ዎቹ በሰዎች ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብተው ግፊቱን ሲለኩ፣ በጀርባ ከመተኛት መቆም፣ ከመቆም ደግሞ ወደ ፊት አጎንብሶ መቀመጥ ዲስክን የበለጠ እንደሚጫን አይተዋል። እንቅልፍ አጥተዋል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ያው ሕመም ይብስበታል። አልቅሰዋልም። ሳንባን ከሆድ የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ከኋላ ሁለት ሥሮች አሉት፤ ሥሮቹ የተተከሉት በላይኞቹ የወገብ አጥንቶች ላይ ነው። ስለዚህ ስቅስቅ ብሎ ማልቀስ ደረትን ብቻ አይነካም፤ እያንዳንዱ ሲቃ ወገብን ይስባል። ደረት መድቃቱን፣ ሰው በመጣ ቁጥር ብድግ ማለቱን ይጨምሩበት። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ አስቀድሞ በዛለ ጀርባ ላይ ነው። ታዲያ ቢያምዎ ምን ይገርማል? አያምዎትም ብሎ የሚሟገት ካለ እኔ ዘንድ ይላኩት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ኤምአርአዩ ሁለት ዲስኮች እንዳረጁና አንዱ ትንሽ እንዳበጠ ይላል። ልጆቹ ይህን አንብበው ፈርተዋል፤ ቀዶ ጥገና የሚባል ቃልም ቤት ውስጥ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ምንም ዓይነት የጀርባ ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ቢነሡ ምን እንደሚታይ ደምሮ አሳይቷል። በ60 ዓመት ዕድሜ ከመቶ 88ቱ ያረጀ ዲስክ፣ ከመቶ 69ኙ ያበጠ ዲስክ አላቸው፤ ሕመም ሳይኖራቸው። በ20 ዓመት እንኳ ከመቶ 37ቱ ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል። ሽበት ፎቶ ላይ ስለወጣ ማንም አይደነግጥም። ከዚህ ወረቀት ይልቅ እኔን ያረጋጋኝ ሐኪሙ እግርዎን ፈትሾ ጉልበቱም ስሜቱም ደህና ነው ብሎ መጻፉ ነው።

ቸል የማይባሉትን ምልክቶች ግን ሳልነግርዎ አላልፍም፤ ለልጆቹም ያንብቡላቸው። ሽንት ወይም ዓይነ ምድር መቆጣጠር ካቃተ ወይም ሽንት አልወጣ ካለ፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው የሰውነት ክፍል ከደነዘዘ፣ እግር ከዛለና ከተጎተተ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ ለነገ አይባልም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ከጀርባ ሕመም ጋር ከመጡ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን መታየት አለበት፤ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፣ በጊዜ ከተደረሰበትም በመድኃኒት ይድናል። አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች ደግሞ በትንሽ መንሸራተት የአከርካሪ አጥንታቸው ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ከወደቁ ይታዩ። እርስዎ ዘንድ ከእነዚህ አንዱም የለም።

ከሌለ ደግሞ ፍራሹ ይብቃ። ዘመድ «ተኚ፣ አርፈሽ ተኚ» እያለ እንደሚያስተኛዎት አውቃለሁ፤ በፍቅር ነው፣ ምክሩ ግን ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ጥናት ሄልሲንኪ ውስጥ ወገባቸውን ድንገት የታመሙ 186 የከተማው ሠራተኞች በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል 2 ቀን እንዲተኛ፣ ሁለተኛው የጀርባ እንቅስቃሴ እንዲሠራ፣ ሦስተኛው ሕመሙ በፈቀደለት መጠን የወትሮ ሥራውን እንዲቀጥል ተነገረው። ፈጥነው የዳኑት ሦስተኞቹ ናቸው፤ የተኙት ከሁሉ ዘገዩ። 2 ቀን ብቻ ተኝተው! ከዚህ ጥናት ሌላም ትምህርት አለ፤ ሕመሙ በሚያቃጥልበት ሰሞን የወትሮ ኑሮ ከተለየ እንቅስቃሴ ይበልጣል። ማጠናከሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው፣ እንዳይመለስ።

ልጅዎ ያለችኝን ልንገርዎ። ትንሽ ወጣ ብለው እንዲራመዱ ስትለምንዎ «እሱ አፈር ለብሶ እኔ ስፖርት ልሥራ?» አሏት። ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። እትዬ፣ ስፖርት አይበሉት። ያን ሁሉ ዓመት ጋሼን ለማንሣት ሌሊት የነቃ ጀርባ ነው፤ እርሳቸው በሕይወት ሳሉ እርስዎን ሲያዩ «ይችን ሴት ገደልኋት» እያሉ ያለቅሱ እንደነበር እኔም ሰምቻለሁ። ያ ጀርባ እንደተሰባበረ ቢቀር ለእርሳቸው ክብር አይጨምርም። ልብስዎ ጥቁር ነው፣ ነጠላዎ ተዘቅዝቋል፤ ሐዘኑ ሐዘን ነው፣ ቦታው ይቆየዋል። ጀርባ ሲጠነክር ጋሼ አይረሱም።

«በዚህ ዕድሜ?» ካሉኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመ ጥናት ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት ክብደት በእግራቸው እንዲያነሡ ተደረገ። የጨረሱት የ9ኙ የጭን ጉልበት በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ። ከሁለት እጥፍ በላይ። ጡንቻ ሥራ ሲያገኝ ዕድሜ አይቆጥርም። እርስዎ እኮ በእነዚያ ሰዎች ፊት ልጅ ነዎት።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ጠዋት ከአልጋ እንደወረዱ ምንም አያንሡ፣ አያጎንብሱም፤ ዲስኮች ሌሊት ውሃ ጠጥተው ስለሚያብጡ በመጀመሪያው ሰዓት ለማጎንበስ አይመቹም። ፊትዎን ሲታጠቡ አንድ እጅዎን ግድግዳ ላይ ይደግፉ። ቁርስ ከተበላ በኋላ ፍራሹ ላይ በጀርባዎ ይተኙ፤ ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን ፍራሹ ላይ ያስረግጡ። ሆድዎ እስኪነፋ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ሲያስወጡ እምብርትዎን ወደ ውስጥ በትንሹ ይሰብስቡ። ይህ ያንን የሆድ ጥልቅ ጡንቻ መቀስቀሻ ነው፤ ለሐዘንተኛ ትንፋሽም ይበጃል። እንደተኙ መቀመጫዎን ከፍራሹ አንሥተው 5 ሰከንድ ይዘው ይመልሱት። ሥራው የመቀመጫና የሽንጥ ነው። ጥቂት ጊዜ ይበቃል፤ ሲደክምዎ ይተዉት።

ሳምንት ካለፈ በኋላ ዋናው ይመጣል። በጉልበትዎና በመዳፍዎ ይንበርከኩ፤ የሙስሊም ጎረቤቶችዎ ከሱጁድ ቀና ሲሉ እጃቸው ገና መሬት ላይ እንዳለ ያለውን ቁመና ያውቁታል። ጀርባዎ ጠረጴዛ ያህል የተስተካከለ ይሁን። ከዚያ አንድ እግር ብቻ ወደ ኋላ ይዘርጉ፤ ወገብዎ ሳይወላገድ እስከ 10 ሰከንድ ይያዙና ይመልሱ። ሲለምዱት የቀኝ እግርን ከግራ እጅ፣ የግራ እግርን ከቀኝ እጅ ጋር ይዘረጋሉ። መልቲፊደስን የሚቀሰቅስ፣ ዲስክን ግን ብዙ የማይጫን እንቅስቃሴ ነው፤ ካናዳዊው ስቱዋርት ማክጊል ለወገብ ሕመምተኛ ከመረጧቸው ሦስት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ከ10 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ ጽናት የሚገኘው በመደጋገም ነው። ሲሠሩት ጡንቻ ቢዝል ደግ ነው፤ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ቢመጣ ግን ያቁሙና ይደውሉልኝ። ለትከሻዎ ደግሞ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስበው ጥቂት ይያዙ። ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ጊዜ አይጠፋም።

ትክክለኛው አጎነባበስ ግን ከእንቅስቃሴው ይበልጣል። ሲያጎነብሱ ወገብዎ ሳይሆን ዳሌዎ ይታጠፍ፤ መቀመጫዎ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ጉልበትዎ ትንሽ ይላላ፣ ጀርባዎ ቀጥ ይበል፣ ዕቃው ከሆድዎ ይጠጋ። አጭሩን መጥረጊያ ይጣሉልኝ፤ በአገራችን የሴቶችን ወገብ የጎዳ ዕቃ ቢቆጠር እሱ ከፊት ይሰለፋል። ረጅም እጀታ ያለው ይግዙ፣ ወይም ልጆቹ በትር ይሰሩለት። የኤሌክትሪክ ምጣዱም ከመሬት ይነሣና እስከ ወገብዎ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ጀሪካን ግማሽ ግማሹን በሁለት እጅ ይዘው ይሄዳሉ እንጂ ሙሉውን በአንድ ጎን አይጎትቱም። ለእንግዳ ከዱካ ብድግ ብድግ ማለቱን ይተዉ፤ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ የሐዘን ወግ ይህን ያህል አይከለክልም። መንገድ ሲሄዱ በ10 ደቂቃ ይጀምሩና በየጥቂት ቀኑ ይጨምሩ። ደሴ ውስጥ ሜዳ መንገድ ማግኘት ራሱ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዳገት መውጣቱ አይከፋም፣ ቁልቁለቱን ግን ቀስ ይበሉ።

ስግደቱን በተመለከተ ለንስሐ አባትዎ ይንገሯቸው። ለጊዜው ቆመው ራስዎን ዝቅ ቢያደርጉ እንደማይነፍጉዎት አምናለሁ። ቅዳሴ ላይም ከመቆም ብዛት እንዳይዝሉ መቋሚያ ይያዙ። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆሙ የሚደገፉበት ዘንግ የክብደቱን ድርሻ ከወገብ ወደ መሬት ያወርዳል፤ አባቶቻችን ናከምሰንን ሳይጠብቁ ያወቁት ነው። የጋሼን ዘንግ ለምን አይዙም?

619 ሚሊዮን ሰው በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወገብ ሕመም እንደነበረበት የዓለም ጤና ድርጅት ጽፏል። አንድ ሐዘንተኛ የሌላው መታመም ያጽናናዋል ብዬ አላምንም። ቁጥሩን የጻፍሁት፣ ሕመሙ የተለመደ እንደሆነና አብዛኛውም ያለ ቀዶ ጥገና እንደሚለቅ ለመንገር ብቻ ነው።

አርባው እየደረሰ ነው። ጋኑንና በርሜሉን የሚያነሡ የእድር ሴቶችና ወጣቶች አሉ፤ እርስዎ ከምጣዱ ፊት እንዳላገኝዎት። ከአርባው በፊት ባለው ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እንቅስቃሴውን አብረን እንሠራዋለን፣ እግርዎንም ራሴ ደግሜ አየዋለሁ። አሁን የሚተኙበት አልጋ ያው ዝቅተኛው ነው፤ ሲቀመጡበት ጉልበትዎ ከዳሌዎ እንዳይበልጥ ከፍ መደረግ አለበት። ልጆቹ ከወለሉ እስከ ፍራሹ አናት ያለውንና የአልጋውን እግር ውፍረት ለክተው ይላኩልኝ። እዚህ አናጢ ዘንድ አራት ጉማጅ አስቆርጬ ይዤ እመጣለሁ።

የእርስዎው ልጅ
ከአዲስ አበባ